የሙኒራ ሜትርና የእኔ ወገብ

አማርኛችን «ልክ» የምትለዋን ቃል እንደ ጨው በየወጡ ውስጥ ይበትናታል። እውነት የተናገረ ሰው «ልክ ነህ» ይባላል። የጠገበ ሰው «ልክህን እወቅ» ይባላል፤ ልኬን አላውቅም ብሎ ካስቸገረም ልክ የሚያስገባው ጉልበተኛ ይፈለግለታል። እንዲህ ቀኑን ሙሉ ስለ ልክ ስንነታረክ የምንውል ሰዎች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፣ የወገባችሁ ልክ ስንት ነው? አታውቁትም። አይፈረድባችሁም፤ እኔም አላውቀውም ነበር። የሰውን ወገብ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቀበቶው ነው፤ ቀበቶ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነው።

ድሮ ልካችንን የሚያውቁልን ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። እርግጥ የድሮ ልብስ ሰፊ ሲነሳ ከመርፌው በፊት ትዝ የሚለን ውሸቱ ነው። «ነገ ና» ይላል። ነገ ስትሄዱ ጨርቃችሁ ካስቀመጣችሁበት ፈቀቅ አላለም። «ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረው» ይላል፤ ቁልፉ የሚተከልበት ሸሚዝ ግን ገና አልተቆረጠም። ለገና ያዘዛችሁት ሱሪ ለጥምቀት ከደረሰ ሰውየው እግዜርን ይፈራል ማለት ነው። ስለዚህ ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ስናይ እልል ብንል አይገርምም። ገባን፣ አነሳን፣ ወጣን። እጅጌው ቢረዝም ይታጠፋል፤ ወገቡ ቢሰፋ ቀበቶ አለ፤ በሦስተኛው እጥበት ቀለሙ ቢሸሽ ሌላ ይገዛል። ከልብስ ሰፊው ውሸት ተገላገልን። ልብስ ሰፊው በሜትር ዙሪያችንን እየዞረ ከላይ እስከ ታች ያየን የነበረበትን ዓይንም አብረን ተገላገልነው፤ ያንን ግን ማንም ልብ አላለውም።

ዘመኑ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነበር። ስሜ ፈጠነ ይባላል። አባቴ ምን ታይቶት እንዳወጣልኝ አላውቅም፤ ብቻ አላሳፈርኩትም። ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እኖራለሁ፤ መሃል ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ፋይል ሳገላብጥ አርጅቻለሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የሚመጣውን ሰርቪስ አሥራ ሁለት ላይ ወርጄ የምጠብቅ፣ በሰዓቱ ሲመጣም «ምነው ዘገየህ?» ብዬ ሾፌሩን የምቆጣ ሰው ነኝ። ቁጭ ካልኩ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ዘነበች ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ቴሌቪዥን ስታይ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እረፍ እንጂ! ሚኒባስ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ እኮ» ትለኛለች።

ዘንድሮ አንዲቷ ልጃችን ማህሌት ልትዳር ሆነና ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ተቆረጠ። የሙሽራ አባት ደግሞ ሙሉ ልብስ ያስፈልገዋል። የእኔ ዕቅድ አጭር ነበር፦ አንድ ቅዳሜ ሳሪስ ወርጄ፣ በግማሽ ሰዓት ገዝቼ፣ ለምሳ ቤቴ መመለስ። ዘነበች ግን ቁም ሣጥኑን ከፍታ ሁለት ነገር አወጣች። አንደኛው ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት እሷን ሳገባ የለበስኩት ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ነው። ሁለተኛው ሟቹ አባቴ አቃቂ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሳለ ይለብሰው የነበረው ግራጫ የሱፍ ካፖርት።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ሙኒራ ጋ። አዲስ አድርጋ ትሠራልሃለች።»

«ልጄን በአሮጌ ልብስ ነው የምድራት?»

«በአሮጌ ሰው አይደል የምትድራት» አለችና ሁለቱንም በፌስታል ከታ አስታቀፈችኝ።

ሙኒራን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። የእኛ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በፀጉር ቤቱና በአትክልት ቤቱ መሃል፣ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ትልቅ መስታወት ያሉባት ጠባብ ክፍል አለቻት። የስልጤ ልጅ ናት፤ ሠላሳዎቹን የጀመረች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የማይዘጋ። ቂሊንጦ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ምን ትሠሪ ነበር ሲሏት «የግራ ኪስ» ትላለች። ቀልድ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ የሱሪ የግራ ኪስ ስትሰፋ ኖራለች። የቀኙን የምትሰፋዋን ልጅ እንኳ የተዋወቀቻት በምሳ ሰዓት ነው። ከዚያ ወጥታ የከፈተችው ሥራ የፋብሪካው ተቃራኒ ነው። አዲስ ጨርቅ አትገዛም። ሰው ከቤቱ አሮጌ ልብስ ያመጣል፤ እሷ ትተረትረዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ያልደከመውን ገጽ ወደ ውጭ ታዞርና ለአንድ ሰው፣ ለዚያ ሰው ብቻ፣ በልኩ ትሰፋዋለች። በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ አትቀበልም። ወጣቶቹ ዲዛይነር ይሏታል፣ ሽማግሌዎቹ ልብስ ሰፊዋ ይሏታል፤ ለሁለቱም አቤት ትላለች። አንዲት የሰፈራችን መምህርት ከሦስት የባሏ ሸሚዞች የተሠራ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ፣ ባልየው ከኋላ ከኋላዋ «ይቺን አንገትጌ የት ነው የማውቃት?» እያለ ሲከተላት በዓይኔ አይቻለሁ።

የሄድኩት በቅበላ ሳምንት ነው፤ ሁዳዴ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው።

«ለመቼ ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«ለነገ ብታደርሺልኝ ደስታዬ ነው።»

«ሠርጉ ነገ ነው እንዴ?»

«የለም፣ ከፋሲካ በኋላ ነው።»

«ታዲያ ለነገ ምን ያደርግልዎታል?»

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ሥራዋን ጀመረች። የዚያን ቀን መለካት መለካት አይባልም፤ ምርመራ ነው። አንገቴን፣ ትከሻዬን፣ ጀርባዬን፣ ክንዴን ታጥፎም ተዘርግቶም። «ይቀመጡ። ይነሱ። አሁን ሰው እንደሚመርቁ ሆነው እጅዎን ያንሱ።» ስልኬን በየትኛው ኪስ እንደምይዝ ጠየቀችኝ። ልጄን የማቅፋት በየትኛው ክንዴ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ይሄን ለመመለስ በሐሳቤ አቅፌ ማየት ነበረብኝ። ከሁሉ አስቀድማ የደረሰችበትን ደግሞ ልንገራችሁ፦ የቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል። የሃያ ምናምን ዓመት የቢሮ ቦርሳ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት አለቃ ያላየውን ሸክም በደቂቃ አየችው። እኔ በበኩሌ «አለቀ?» እያልኩ ሰባት ጊዜ ሳልጠይቅ አልቀረሁም። ሁሉንም ደብተሯ ላይ በእርሳስ ጻፈች።

ወገቤ ላይ ስትደርስ ትንሽ ፈገግ አለች። የሠርጌ ኮት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ እኔን ዞሮ መገናኘት አልቻለም፤ በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ጎድሏል።

«ግድ የለም» አለች፣ «ከአባትዎ ካፖርት በሁለቱም ጎን እናስገባለን። ሰማያዊና ግራጫ ይዋደዳሉ።»

አባቴ በሕይወት ሳለ ከጎኔ አልተለየም ነበር። ሞቶም በግራና በቀኝ ሊገባልኝ ነው ብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ። ለሁለተኛው ልክ በደብረ ዘይት ማግስት ቀጠረችኝ፤ ወር ሙሉ ማለት ነው። በር ላይ ቆሜ ብዙ ተከራከርኩ፤ እሷ ግን የሌላ ሰው ካናቴራ መተርተር ጀምራ ነበር።

ጾሙ ገባ። ጾሙ ከገባ በኋላ የሆነውን ሳስበው አሁንም ይገርመኛል፤ ሁሉም ነገር ፊት ለፊቴ ተሰልፎ እያለ አንዱንም አላየሁትም። ይጠማኛል። ሹሮው ጨው በዝቶበት ነው እላለሁ፤ የበጋው ሙቀት ነው እላለሁ። አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ ሰርቪስ ላይ እወጣለሁ፤ ሳሪስ ሳንደርስ ባዶ ነው። ሳሪስ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሾፌሩን ለምኜ አስቁሜ ወርጄ እሮጣለሁ። መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ በኋላ የመውጫ በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር በክብር ለቀቁልኝ። ዕረፍት አልባነቴ በሦስት እጥፍ ጨመረ፤ ቢሮ ቁጭ ብዬ አንድ ደብዳቤ አንብቤ መጨረስ አቃተኝ። ሱሪዬ ግን ሰፋ! እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የቢሮ ሰዎች «ጾሙ ተስማማህ!» አሉኝ። ጎረቤት «ወጣት ሆንክ» አለኝ። የንስሐ አባቴ እንኳ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ዘንድሮ በርትተሃል» አሉኝ። የጾሙ መፍቻ ሰዓት ሳይደርስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ቆይቼ እንዲህ ስመሰገን፣ ምስጋናውን መመለስ ነበረብኝ። አልመለስኩም። ማን ይመልሳል? ዘነበችም «የልጅ ሠርግ ያከሳል፣ እናቴም በእኔ ሠርግ ጊዜ ከስታ ነበር» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

የቀጠሮዬ ቀን ከሥራ ስመለስ ወደ ሙኒራ ጎራ አልኩ። ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት፤ ማፍጠሪያ ሰዓት ስላልደረሰ ከንፈሯ ደርቋል። ኮቱን በነጭ ክር ረጃጅም ስፌት አያይዛ አዘጋጅታዋለች፤ የአባቴ ግራጫ ካፖርት በሁለቱም ጎን ገብቷል። ያምር ነበር። አለበሰችኝና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችኝ። ፈገግታዋ ጠፋ። ኮቱ በሰው ላይ ሳይሆን በሚስማር ላይ የተሰቀለ መስሎ ተንጠልጥሏል።

ደብተሯን አነሳች። ለካች። እንደገና ለካች። ሜትሯን ከጠረጴዛው ማስመሪያ ጋር አስተያየች፤ ሜትሩ ደህና ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ለካችኝ።

«እንግዲህ ተሳስተሻል ማለት ነው» አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። «ይኸውልሽ፣ ያኔውኑ በግማሽ ሰዓት ብትጨርሺው...»

«አልተሳሳትኩም ጋሼ» አለች በቀስታ። «ምን ሆነው ነው?»

«ጾም ነዋ! ጾም!»

«እኔም እየጾምኩ ነው። ጾም ከሰው ላይ እንዲህ አይወስድም።»

ጉሮሮዬ ደረቀ። «እስቲ ውሃ ካለሽ» አልኳት። ከጥግ አንድ ጠርሙስ አምጥታ ሰጠችኝ፤ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ለማፍጠሪያ ያስቀመጠችውን ሁለተኛውን አየሁት፣ እሷም ሳየው አየችኝ፣ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁት። ከነጋ ጠብታ ያልቀመሰች ሴት ፊት ሁለት ጠርሙስ ውሃ ገልብጬ አፌን ስጠርግ ነው ምን እንዳደረግኩ የታወቀኝ።

«ጋሼ» አለች፣ «ጿሚዋ እኔ ነኝ፤ የተጠማው ግን እርስዎ ነዎት። ውሃ ሽንትስ ያመላልስዎታል?»

አሁን ፍረዱ። ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት፣ ልብስ ላሰፋ ሄጄ፣ ስለ ሽንቴ ትጠይቀኛለች! ፊቴ ጋለ። «አንቺ ልጅ፣ ሥራሽን ሥሪ!» ብዬ ጮህኩባት። ኮቱን ሳወልቅ ነጩን ክር አንድ ቦታ ላይ በጠስኩት። አልተቆጣችም። የተበጠሰውን ክር በጣቷ እየጠቀለለች ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረችኝ።

«አባቴ አቃቂ ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት። ሰላም ብዬው ወደ ፈረቃዬ ሄድኩ። በወሩ ሌላ ቀዳዳ በሳ። እኔ ቀን ከሌት የማላውቀውን ሰው ኪስ ስሰፋ፣ የአባቴ ሱሪ እየሰፋው መሄዱን አላየሁም ጋሼ። ይጠማው ነበር፤ ይመላለስ ነበር። ሐኪም ቤት ስናደርሰው ስኳር ነው፣ ዘግይታችኋል አሉን።» ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች። «ይሄዱና ይመረመራሉ። ወረቀቱን እስኪያሳዩኝ ድረስ መቀስ አላነሳም።»

እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው እጇን ይስም ነበር። እኔ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። የሰው ልጅ ምክር የሚሰማው ከምቾት ወንበር ላይ ሆኖ ሲያነበው ብቻ ነው፤ ሲነገረው ይናደዳል። ለዘነበች «ልብሱ አልተሳካም፣ ከሳሪስ እገዛለሁ» አልኳት። ስለ ቀረው ትንፍሽ አላልኩም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ለስንት ሰው ተርቼዋለሁ መሰላችሁ!

ቅዳሜ ማለዳ ሳሪስ ነበርኩ። ሱቁ በር ላይ አንድ ጎልማሳ ሻጭ ሜትር እንደ ሀብል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀበለኝ። አንድ ኮት ጎተት አድርጎ ሲያወጣ፣ ገና እጄን ሳላስገባ፣ «ፋዘር፣ ለእርስዎ የተሰፋ ነው የሚመስለው!» አለኝ። ደስ አለኝ። ይሄ ነው ሥራ!

«ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«ሃምሳ አራት» አልኩት። የመጨረሻውን ኮቴን ስገዛ ሃምሳ አራት ነበርኩ።

ሻጩ ሳቀ። «ፋዘር፣ ሃምሳ አራት እርስዎን ሁለት ጊዜ ያስገባል። ሃምሳ ነዎት፣ እሱም ከሰፋዎት እናያለን» ብሎ ሃምሳ ቁጥር ሰጠኝና ከመጋረጃው ጀርባ አስገባኝ።

መጋረጃው ጀርባ መስታወት አለ። ሸሚዜን አውልቄ ቀና ስል አንድ ሰው አየሁ። አንገቱ ሥር ሁለት ጉድጓድ አለ። ጉንጩ ገብቷል። አባቴን ይመስላል፤ በደህናው ጊዜ ሳይሆን በመጨረሻዎቹ ወራት። ቤታችን ያለው መስታወት ትንሽ ነው፤ ጢሜን ስላጭ አገጬን ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ሙሉ ሰውነቴን ካየሁት ስንት ጊዜ ሆኖኝ ይሆን? እዚያች ጠባብ ቦታ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ኮቱ ጭኔ ላይ ነው።

«እንዴት ነው ፋዘር? ልክ ነው?» አለ ሻጩ ከውጭ።

መልስ ለመስጠት አፌን ብከፍት ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል።

ኮቱን መልሼለት ወጣሁ፤ በእግሬ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋ ነበር። ጉልበቴ እንደ ልማዱ እየተንቀጠቀጠ ጠበቅኩ። አንዲት ነርስ ጣቴን ወግታ ደሜን በትንሿ መሣሪያ ላይ አስነካች። መሣሪያዋ ቁጥር በማሳየት ፈንታ ሁለት ፊደል አወጣች። ነርሷ ሌላኛውን ጣቴን ወጋች። ያው ሁለት ፊደል።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ከዚህ በላይ መቁጠር አይችልም ማለቱ ነው። ጋሼ፣ በእግርዎ ነው የመጡት?»

«አዎ።»

«አይነሱ። እዚሁ ይቀመጡ» አለችና በፍጥነት ወጣች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። ብቻ ጉልበቴ ፀጥ አለ። ራሴን ካወቅኩ ጀምሮ ያኔ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

ከዚያ አምቡላንስ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ግሉኮስ ይመስል የነበረ ግን ያልሆነ ውሃ በክንዴ፣ ከዚያም የማልወደው መርፌ በሆዴ። ከሳምንት በላይ ተኛሁ። ሐኪሙ «ማን ነው ተመርመር ያለዎት?» ሲለኝ «ልብስ ሰፊዬ» አልኩት። ሳቀ። እንዳልቀለድኩ ሲያውቅ ሳቁን አቆመና፣ «ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ ስለ ሌላ ድግስ ነበር የሚወራው፤ ስጦታ ይግዙላት» አለኝ።

ዘነበች ግን አልሳቀችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ይዛ አለቀሰች። «ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ በልቼ፣ አብሬህ ተኝቼ፣ ባዕድ በሜትር ያየችውን እኔ በዓይኔ አላየሁም» አለች። አጽናናኋት። ጥፋቷ እንዳልሆነ ስነግራት ከልቤ ነበር። በየቀኑ የሚያየን ሰው ትናንት ካየው ጋር ነው የሚያስተያየን፤ ከትናንት እስከ ዛሬ ደግሞ ማን ይከሳል? ማህሌትም መጣች። «አባዬ፣ ሠርጉን እናራዝመው» አለችኝ። «በፍጹም!» አልኳት። ችኮላዬ ምናልባት ለአንድ ቀን ብቻ ልክ የሆነው ያን ቀን ነው።

በሆሳዕና ሰሞን ወጥቼ፣ ወረቀቱን አራት አጥፌ ወደ ሙኒራ ወረድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ደረጃው ላይ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበር። ወረቀቱን ዘርግታ እስከ መጨረሻው አነበበች። ከዚያ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረግ አድርጋ መቀሱን አነሳች። «እጅዎን ዘርጋ ያድርጉ ጋሼ» አለች። ንግግሬ እዚያው ቀረ።

ለካችኝ። ዓይኔ እያየ በሁለቱም ጎን የነበረውን የአባቴን ካፖርት ፈታች፤ የሠርጌ ኮት ብቻውን በቅቶኛል። «ካፖርቱ እንግዲህ ተረፈ» አልኩ።

«አልተረፈም። ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ።» ኮቱን ገልጣ ቦታውን አሳየችኝ፤ በጀርባዬ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ግራጫውን ሱፍ ገበር ልታደርገው ነው። ከዚያ የጎኑን ስፌት ወደ ውስጥ አጠፈችና፣ «እዚህ ሰፋ ያለ ጨርቅ እተዋለሁ። መድኃኒቱ ሲይዝልዎት ይመለሳሉ፤ ያኔ እንፈታዋለን። ሰው አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል፤ በጠበበ ቁጥር ልብስ ጥሎ በሰፋ ቁጥር ሌላ የሚገዛ ከሆነ ልብሱ መቼ ያውቀዋል?» አለችኝ።

ሠርጉ ደረሰ። እኔም በእግሬ ቆምኩ። አንዲት የዘነበች አክስት የኮቴን ደረት በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ዳሰሰችና «ከውጭ ያስመጣኸው ነው?» አለችኝ። «የለም፣ ከምድር ቤት ነው» አልኳት። አልገባትም፤ ግን የፋሽን ቤት ስም መስሏት ሳይሆን አይቀርም፣ ራሷን በአድናቆት ነቀነቀች። የሽኝቱ ሰዓት ሲደርስ ማህሌት ቬሎዋን ሰብስባ አቀፈችኝ። በግራ ክንዴ ያዝኳት፤ ኮቱ አልጎተተኝም፣ እጄን አልያዘኝም። ስለ አያቷ ካፖርት በጆሮዋ ነገርኳት። እጇን ከኮቱ ሥር በጀርባዬ በኩል ሰደደች፤ ሻካራውን ሱፍ ጣቶቿ ሲያገኙት ታወቀኝ። እዚያው ብዙ ቆየች፤ ሚዜዎቹ «መኪናው እየጠበቀ ነው» እያሉ ሲጮኹ እኔ፣ ያ ሾፌር ስቆጣ የኖርኩት ሰውዬ፣ «ይጠብቅ!» አልኩ።

ታሪኬ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሙኒራ ጥሩ ነበር። ግን ምላስ አለኝ። ወደ ሥራ በተመለስኩበት ሰኞ ሰርቪስ ላይ ተረኩት፤ ማክሰኞ አስደገሙኝ፤ ረቡዕ ከፊት ወንበር ያልሰሙ ሰዎች ስላሉ በሚል ቆሜ ተናገርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሙኒራ በር ላይ ሰው ተኮልኩሏል።

«ጨርቃችሁስ?» ትላቸዋለች።

«ጨርቅ አልያዝንም፤ ወገባችንን ብቻ ለኪልን።»

አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው የደም ሥራቸውን እንድታይላቸው ይጠብቃሉ። አንዲት ሴትዮ የራጅ ፊልም በመስኮት ብርሃን ላይ ይዛላታለች። ሙኒራ ወደ እኔ ያየችው አስተያየት የሜትር ያህል ይረዝም ነበር። በማግስቱ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈች፦ «ያለ ጨርቅ አንለካም። ሕክምና ጤና ጣቢያ ነው።» ጥሩ ዘዴ መስሏት ነበር። ሰዉ ሁሉ ቤቱ ሄዶ ጨርቅ ይዞ መጣ። የተጣለ መጋረጃ፣ የጡረተኛ ካፖርት፣ የልጅ ዩኒፎርም፣ ከአልጋ ሥር የተረሳ ሁሉ ተሸክሞ ተሰለፈ። እውነቱን ለመናገር ከመሃላቸው አንድ አናጢ በእሷ ቆስቋሽነት ተመርምሮ እንደ እኔው ስኳር ተገኘበት፤ በጊዜ ነው ተባለ። ወገቧ በየወሩ የሚሰፋ አንዲት የአርባ ዓመት ሴትም ነበረች፤ እሷ መንታ ነው የተገኘባት። ከዚያ ወዲያማ ማን ይመልሳቸው?

«ጋሼ ፈጠነ» አለችኝ ሙኒራ፣ ከጨርቁ ክምር መሃል አንገቷ ብቻ እየታየ፣ «ቀስ ብዬ ልሥራ ብዬ ከፋብሪካ ወጣሁ፤ እርስዎ ግን ፋብሪካውን ደጄ ድረስ አመጡልኝ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷ ግን አልፈጠነችላቸውም፤ ያው ሦስት ሦስት ሰው እያለች መሥራቷን ቀጠለች። የቀሩት ወረፋ ያዙ። ማጉረምረማቸው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማኛል።

ክረምቱ ሲገባ መድኃኒቱ ያዘልኝ። ጉንጬ ተመለሰ፣ አንገቴ ሥር የነበሩት ጉድጓዶች ሞሉ፣ የዘነበች ፊትም አብሮ ሞላ። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ዘመድ ክርስትና ያንን ኮት ለበስኩና ልቆልፈው ብል እምቢ አለኝ። ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ወረድኩ።

«ሙኒራ፣ እንዳልሽው ተመለስኩ! በይ ስፌቱን ፍቺልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። በጣም ደስ አላት፤ ሳቀች። ደብተሯን ገለጠች፣ ጣቷን ከላይ ወደ ታች አወረደች፣ ሌላ ገጽ ገለበጠች።

«ተራዎ ከመስቀል በኋላ ነው ጋሼ።»

«ከመስቀል በኋላ? ሙኒራ፣ የእኔ እኮ ስፌት መፍታት ብቻ ነው! ግማሽ ሰዓት አይፈጅም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

«እሺ እስከዚያስ ምን ላድርግ?»

«እስከዚያማ» አለች መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች፣ «ትንሽ ትንሽ ይብሉ።»